ከወንዝ ማዶ የመጣ እሺ

አገራችን ሳትጠይቅ የወጋችው ጎረቤት የለም። ይህን ስናገር ደረቴ ቢነፋ አይፈረድብኝም፤ ጠያቂዎቹ እኛ ነበርን። ስሜ ጓንጉል ይባላል። አባቴም፣ የአባቴም አባት የአገሩ መልእክተኞች ነበሩ። በሕጋችን ጦር የሚነሣው ጎረቤት አንድ ነገር ተጠይቆ እምቢ ያለ እንደሆነ ብቻ ነው። ጥያቄውን ይዞ የሚሄደው፣ መልሱንም አምጥቶ በገበያው አደባባይ ለሕዝብ የሚናገረው መልእክተኛ ነው። እሱ በገዛ አንደበቱ «እምቢ ብለዋል» ሳይል ነጋሪት አይጎሰምም።

የቤታችን ሙያ ቃልን ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ ማምጣት ነው። ተናጋሪው መሐል ላይ ከሳለ ሳሉንም እናመጣለን። አባቴ ከሰሜኖቹ ያመጣው መልስ ሁለት ስድብና አንድ ማነጠስ ነበረበት። አደባባዩ ላይ ቆሞ ሲያነጥስ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ብሎ ወዲያው ለዘመቻ ተነሣ ይባላል። አባቴ ላመጣቸው እምቢታዎች ሁሉ ሐውልት ቆሞላቸዋል። እኔም በወጣትነቴ አንድ ሁለት ደህና ደህና እምቢ አምጥቻለሁ።

ከተማችን ከሥራ ቤቶቹ ነበር የሚበላው። ገሚሱ መድፍ ያቀልጣል፤ ገሚሱ ባሩድ ይወቅጣል፤ የቀረው ደግሞ ለእነዚህ ያበስላል። ባለቤቴ ዘርትሁን ጥይት ቤት ውስጥ ቀለህ ትሞላ ነበር። ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ጠቁረው ቀርተዋል። ልጃችን አንዳርጌን ያሳደጉት እነዚያ ጣቶች ናቸውና ሰው ፊት ስትደብቃቸው አላየሁም።

የሥራ ቤቶቹ ሁሉ የበላይ የእሳት አለቃ ይባላል። በእኔ ዘመን ወንድይራድ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። የሠራተኛ እናት ስትሞት ቀድሞ ለቅሶ የሚደርስ፣ ዝናብ ሲያገኘው ካባውን ለባሩድ የሚያለብስ ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሚከበረው ቂም ጠባቂው አቶ ምሕረቱ ነበር። የእሱ መሥሪያ ቤት ጎረቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የበደሉንን ሁሉ ያስታውሳል። «ቂም እንደ እህል ነው» ይል ነበር አቶ ምሕረቱ፤ «በየጊዜው ካላናፈሱት ይነቅዛል።»

ታዲያ አንድ ዓመት በጋው አጋማሽ ላይ የእሳት አለቃው አስጠራኝ። ስሄድ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ውስጡ እስከ ጣሪያው ሞልቶ የጥይት ሣጥን ወደ ደጅ ፈስሷል።

«ጓንጉል፣ ባሩድ እንደ ጠላ ነው» አለኝ። «ቀኑ ካለፈ አይሆንም። ይኼ ሁሉ ከመጪው ክረምት በፊት ካልተተኮሰ ተበላሸ። መጋዘኑ ካልጎደለ ደግሞ አዲስ አይሠራም። አዲስ ካልተሠራ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ምን ይበላል?»

«ከማን ጋር ነው የተጣላነው ጌታዬ?» ስል ጠየቅኩ።

«እሱን አቶ ምሕረቱ እያየው ነው» አለኝ።

አቶ ምሕረቱ በሳምንቱ አገኘው። ጠባችን ከወንዝ ማዶዎቹ ጋር ነበር። እነሱ ንብ የሚያነቡ፣ ፍየል የሚያረቡ ጥቂት ሕዝቦች ናቸው። የሚገዟቸው እመት ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። በወንዙ ዳር አንድ መላጣ ጉብታ አላቸው፤ እሾህ እንኳን በቅጡ አይበቅልበትም። ጉብታው የእኛ መሆን እንዳለበት ታወቀ። ወጣቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ «ጉብታችን!» ማለት ጀመረ። አንዳርጌ ከመጀመሪያዎቹ ምልምሎች አንዱ ሆነ። የደንብ ልብሱን ለብሶ ቤት ሲመጣ እናቱ አንገትጌውን አስተካከለችለት። እኔም ኮራሁበት፤ ለምን እዋሻለሁ።

ወንዙን ተሻግሬ ስደርስ እመት ደብሪቱ ቀፎ በጭቃ ሲመርጉ አገኘኋቸው። እንደ ወጉ ቆሜ ጥያቄውን አሰማሁ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ሰሙኝ። ትንሽ ሳሉና እንዲህ አሉ፦

«እሺ፣ ውሰዱት። ፍየሎቻችን ድንበር አያውቁምና ቢሻገሩባችሁ ዱላችሁን ቀለል አድርጉላቸው።»

ቆሜ ቀረሁ። «ሌላ የለም?» አልኳቸው።

«ምሳ አልበላህ ከሆነ ምሳ አለ» አሉኝ።

አደባባያችን ላይ ቆሜ ይህንኑ ተናገርኩ። ሳሉንም ሳልኩ። ነጋሪት ጎሳሚው ዘንጉን ወደ ላይ እንዳነሣ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ «እሺ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት አልተገኘም። በቤታችን ታሪክ እሺ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረማ።

አቶ ምሕረቱ መሥሪያ ቤቱን ዘግቶ ሲያናፍስ ሰነበተ። የእመት ደብሪቱ ቅድመ አያት፣ የገዥያችን ቅድመ አያት ከበቅሎ ሲወድቅ አይቶ ስቋል የሚል ቂም አገኘ። ስለዚህ መላ ሹማምንታቸው ድንጋይ ተሸክመው መጥተው ይቅርታ ይጠይቁ ተባለ። «እንዲህ ያለውን ውርደት የሚቀበል የሰው ልጅ የለም» አለኝ የእሳት አለቃው እጁን እያፋተገ። እኔም ይህንን ይዤ ስሄድ እግሬ ከበደኝ፤ ያስከበረኝ ሙያ ነውና ግን ሄድኩ።

መልእክቱን ለእመት ደብሪቱ አሰማሁ። ሽማግሎቻቸው አጉረመረሙ። አንደኛው ተነሥቶ፣ «እመቴ፣ ይህስ በዛ!» አለ።

«ድንጋዩ ከልጆቻችሁ ሬሳ ይከብዳል?» አሉት። ተቀመጠ።

በማግስቱ ወንዙ መሐል ድረስ መጡ። ከፊት እሳቸው ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። ውሃው እስከ ጉልበታቸው ነበር። «ቅድመ አያቴ ስቆ ከሆነ አጥፍቷል፤ በእሱ ፈንታ ይቅር በሉን» አሉ። ከወንዙ በእኛ በኩል የተሰለፉት ምልምሎች ያዩ ነበር። ሊስቁ ነበር የመጡት፤ የሳቀ ግን አልነበረም። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ሳለ ቆመን ከምናያቸው ሁላችን ይረዝሙ ነበር።

ከዚህ በኋላ የእሳት አለቃው እንቅልፍ አጣ። ሰማዩን እያየ ይውላል፤ በምሥራቅ በኩል ቁራጭ ደመና ከታየች ፊቱ ይጠቁራል። አቶ ምሕረቱ አንድ ሐሳብ አመጣ። «መድፎቻቸውን ያስረክቡን እንበላቸው። መሣሪያውን በፈቃዱ የሚሰጥ የለም» አለ።

የእሳት አለቃው ከወንበሩ ብድግ አለ። «አብደሃል ምሕረቱ? ባዶ እጁን የቆመ ጠላት ላይ ስንት ጥይት ይተኮሳል? ያሏቸው መድፎችም የእኛው ሥራ ናቸው፤ አያቶቻችን የሸጡላቸው። ዝገዋል። ጠላትን እንዲህ ዝጎ እንዲቀር መተው ለእኛ ነውር ነው።»

ስለዚህ ጥያቄው ተገለበጠ። የወንዝ ማዶ ሰዎች ከእኛ አዳዲስ መድፍ እንዲቀበሉ ተጠየቁ። አንድም ይዋጉናል፣ አንድም አንቀበልም ብለው እምቢ ይላሉ፤ በሁለቱም መንገድ ጦርነት አለ። እኔ እንኳ ሐሳቡን ስሰማ የአገሬ ሰዎች ብልሃት ገረመኝ።

እመት ደብሪቱ፣ «እሺ» አሉ። መድፎቹ በበሬ ተጎትተው ወንዙን ተሻገሩ። በሌላ ጊዜ ስሄድ ከዛፍ ጥላ ሥር በተርታ ተጋድመው አየኋቸው። አፋቸው በጭቃ ተመርጓል፤ በጭቃው መሐል በተተወችው ቀዳዳ ንብ ይወጣል፣ ይገባል። ለገዥያችን ከመድፎቹ የመጀመሪያውን ማር ላኩለት። የእሳት አለቃው ማሩን ሲያይ እንባው መጣ። «በመድፌ ውስጥ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ስድብ ነው ያሉ ነበሩ። ሕጋችን ግን ግልጽ ነው፤ ጦር የሚያስነሣው እምቢታ እንጂ ማር አይደለም።

ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። በዚያ ጊዜ የተሰጠኝ መልእክት ከሁሉም አጭር ነበር። «እምቢ በሉን» የሚል ነበር።

ይህን ስነግራቸው እመት ደብሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሲስቁ ጥርስ የላቸውም። ከዚያ ሳቁን ትተው እያዩኝ ተናገሩ፦

«ለአገርህ እንዲህ በልልኝ። እምቢ በሉ ካላችሁን፣ እሺ፣ እንላለን። ግን ምኑን? የምንከለክላችሁ ነገር አልቀረንም። አንድ ነገር ስታገኙ ላኩብን።»

«ደርሶኛል» አልኳቸው እንደ ወጉ።

«አሁን መልእክቱ አልቋል» አሉኝ። «ይህ በእናትና በአባት መካከል ነው። ልጅ አለህ?»

«አለኝ። ከሰልፉ ፊት ነው የቆመው።»

«እኔም ከዚህ ከሰልፉ ፊት የሚቆሙ ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ። እምቢ የምንልበት አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እሱም እነሱ ናቸው። እስካሁን ማንም አልጠየቀንም። የአገርህ ሰዎች እንዲያስታውሱት አታድርግ።»

ወንዙን ስሻገር ይህ ነገር ከብዶኝ ነበር። ከተማ እንደገባሁ የእሳት አለቃውና አቶ ምሕረቱ በራቸውን ዘግተው ተቀበሉኝ። መልሱን ነገርኳቸው።

«ሌላ ያሉት የለም?» አለኝ አቶ ምሕረቱ ዓይኔን እያየ።

«ሌላ መልእክት የለም» አልኩት። ደግሞም አልነበረም።

ያን ጊዜ የእሳት አለቃው ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ትከሻዬን ያዘ። «ስማኝ ጓንጉል፣ ወንድሜ። የዚህ ሁሉ ሕዝብ እንጀራ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ነገ አደባባዩ ላይ ቆመህ እምቢ አሉ በል። እነሱም ቢሆኑ እኮ እምቢ ማለት ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ተንኮለኞች ስለሆኑ ነው ያላሉት። ያላሉትን ትልላቸዋለህ እንጂ አትዋሽም።»

«ከአባትህ ሐውልት የሚበልጥ ሐውልት ይቆምልሃል» አለ አቶ ምሕረቱ።

«ዘርትሁንም እዚሁ ጥይት ቤት ነው የምትበላው» አለ የእሳት አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማስፈራራቱ አልነበረም፤ እያዘነ ነበር የተናገረው። ያም የባሰ ነው።

ቤት ስገባ ዘርትሁን ከሥራ ተመልሳ እጇን ስትታጠብ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። እጇን ማሸቷን ሳታቆም ሰማችኝ።

«እነሱ የሚሉትም እውነት አለው» አልኳት። «ሥራ ቤቱ ከተዘጋ ምን እንበላለን?»

«እራባለን» አለች።

«ለአንቺ እንዲህ ማለት ቀላል…»

«ማን ነው ቀላል ያለህ?» አለችና ዞረችብኝ። «ስማ አንተ ሰው። እኔ በዓይኔ ያላየሁትን ሰው የሚገድል ጥይት ስሞላ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ጓንጉል እምቢ ይዞ መጥቷል ሲሉኝ፣ የቤቴ ሰው ከዋሸ ፀሐይም ትዋሻለች ብዬ እሞላለሁ። በአንተ ቃል ነው ጥይት የሞላሁት። አሁን ያመጣኸውን እሺ እምቢ ብለህ ከለወጥከው፣ የእስካሁኑን ምን ልበለው? ልጄንስ በምን ቃል ልሸኘው?»

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ አደባባዩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ምልምሎቹ በመጀመሪያው ረድፍ ቆመዋል፤ አንዳርጌ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። ከሠገነቱ ላይ የእሳት አለቃው ራሱን ነቀነቀልኝ። ነጋሪት ጎሳሚው ዘንጉን አነሣ። ቃሉን አባቴ እንዳስተማረኝ አወጣሁት።

«የወንዝ ማዶ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። እምቢ በሉ ካላችሁን፣ እሺ፣ እንላለን። ግን ምኑን? የምንከለክላችሁ ነገር አልቀረንም። አንድ ነገር ስታገኙ ላኩብን።»

የእሳት አለቃው፣ «ጎስም!» ብሎ ጮኸ።

ነጋሪት ጎሳሚው አየው፤ እኔን አየኝ። ጠና ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «መልእክተኛው እምቢ አላለም ጌታዬ» አለና ዘንጉን ብብቱ ሥር ሻጠው።

እውነቱን ለመናገር ያጨበጨበልኝ አልነበረም። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ ሄደ። ምልምሎቹ ከሰልፉ ሲፈቱ አንዳርጌ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። የደንብ ልብሱን ቁልፍ አንድ በአንድ እየፈታ፣ «ጦርነቴን ቀማኸኝ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ጣለ፤ የመጋዘኑ ደጅ የነበሩት ሣጥኖች ጭቃ ሆኑ።

የሚቀጥለው ዓመት ከባድ ነበር። ሥራ ቤቶቹ ግማሹን ሠራተኛ አሰናበቱ፤ ዘርትሁን ከመጀመሪያዎቹ ነበረች። ገበያ ውስጥ ሰላምታ የሚነፍጉኝ በዙ። አንዲት ጎረቤታችን ደጃፌ ላይ ቆማ፣ «ያንተን እሺ ቀቅለን እንብላው?» ብላ ጮኸችብኝ። ረኀቡን ያስታገሰልን ከወንዝ ማዶ የመጣው ማርና የፍየል ወተት ነው። እነሱ ብረት ማቅለጥ አያውቁም፤ ብረት ምጣድና ማረሻ ከእኛ ይወስዱ ጀመር። ሰው በርሃብ አልሞተም። በጥይትም አልሞተም፤ ይህን ግን ማንም አልቆጠረልኝም። ያልሞተ ሰው ለቅሶ የለውምና።

ሹማምንቱም ሕጉን አሻሻሉት። ጥያቄ መላክ ጊዜ ያባክናል ተባለ። ከእንግዲህ የጎረቤቶች እምቢታ በቂም ጠባቂው መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ እንዲነገር ተወሰነ። የመልእክተኛ ሹመት ቀረ። እኔም ብረት ምጣድ በአህያ ጭኜ ወንዙን የምሻገር ነጋዴ ሆንኩ።

አንዳርጌ ለብዙ ጊዜ በክፉ ዓይን ያየኝ ነበር። አግብቶ ሴት ልጅ ወለደ። እሷን በአንቀልባ አዝሎ እየወዘወዘ፣ «ስምህን ተሸክሜ አፈርኩ፤ ጓደኞቼ የፈሪ ልጅ ይሉኛል» ይለኝ ነበር። ልጅ የያዘ ሰው ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ እንዳትነቃበት። ያንን ድምፁን እወደው ነበር።

እያደር ምጣዱን ጭኖ እሱ ይሻገር ጀመር። በወንዙ ማዶ ያኔ ከፊት ለፊቱ ሊሰለፉ የነበሩትን የእመት ደብሪቱን የልጅ ልጆች አገኘ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ አህያውን አስሮ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አንደኛው እንደ እኔ ግራኝ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ስድቡ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ።

በዘንድሮው በጋ መጋዘኑ እንደገና ሞላ። አቶ ምሕረቱም በምዕራብ በኩል ያሉ ሰዎች ምን እንዳደረጉን አስታወሰ። ሕዝቡ ተጠርቶ አደባባዩ ላይ ወጣን። አቶ ምሕረቱ ራሱ ሠገነቱ ላይ ቆሞ፣ «ምዕራቦቹ እምቢ ብለዋል!» አለ።

ከሕዝቡ መሐል፣ «ማን ሄዶ ጠየቃቸው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። የልጄ ድምፅ ነበር።

«መጠየቅ አያስፈልግም» አለ አቶ ምሕረቱ። «እምቢ እንደሚሉ ይታወቃል።»

«ያንን ራሳቸው ከነገሩን እናምናለን። እስከዚያው እኔ ሄጄ ልጠይቃቸው» አለ አንዳርጌ። ልጁን ከጀርባው አውርዶ ለእኔ ሰጠኝ። «አባባ፣ እንዴት ብዬ ልቁም?» ሲል ጠየቀኝ።

«ቀጥ ብለህ» አልኩት። «የሚሉህን ስማ፤ የምትፈራውን አትስማ። የሚሉህንም ይዘህ ና።»

ወታደሮቹ ሊያግዱት ተንቀሳቀሱ። ያን ጊዜ ዘርትሁን ወደ አደባባዩ መሐል ሄደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። «መልሱ ሳይመጣ ቀለህ አልሞላም» አለች። ከሥራ ከተሰናበተች ስንት ጊዜዋ ነው፤ ማንም ግን ይህን አላስታወሳትም። አሁን በሥራ ላይ ያሉት የጥይት ቤት ሴቶች ተራ በተራ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ አቅላጮቹ መጡ። ያች «ያንተን እሺ ቀቅለን እንብላው?» ያለችኝ ጎረቤት ለአንዳርጌ በሶ ቋጥራ አመጣችለት። ልጄ ቋጠሮውን ተቀብሎ የምዕራቡን መንገድ ያዘ። በመንገዱ የቆመው ወታደር ገለል አለለት።

ይህን የምነግራችሁ ከዚያው ከአደባባዩ ተቀምጬ ነው። እስካሁን አልተመለሰም። እምቢ ይዞ ይመጣ ይሆናል፤ ምዕራቦቹ እንደ እመት ደብሪቱ ላይሆኑ ይችላሉ። የመጣው ይምጣ፤ የሚመጣው የተባለው ነው። የእሳት አለቃው አርጅቷል። ዛሬ ከሰዓት በምርኩዝ መጥቶ ቆመብኝና፣ «መቼ ይመለስ ይሆን ጓንጉል? ደመናው እየከበደ ነው» አለኝ። እንደ መንገዱ ነው አልኩት። ትንሽ ካመነታ በኋላ ምርኩዙን አጋድሞ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጠ።

ከገጠር አዲስ የመጣ አንድ ምልምል ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አድርጎ በአጠገቤ ነበር። መንገዱን ሲያይ ቆየና፣ «ይኼ ሁሉ ሕዝብ የሚጠብቀው የማንን ልጅ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

የልጅ ልጄ እቅፌ ውስጥ ተኝታለች። እንዳላነቃት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «የእኔና የዚያች ጣቷ የጠቆረ ሴትዮ» አልኩት።